ከግቢው ግማሽ ሰዓት

ይድነቃቸው ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሰው ሲበዛበት ግን የሚያፍር ልጅ ነው። ኖርዝ ሜልቦርን፣ ልጄ አግብታ ስትወጣ ባዶ በቀረው ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ሚስት፣ ልጅ፣ ከከተማው ዳር ክሬጊበርን ላይ ደግሞ አዲስ ቤት ያለው ሰው ከእኔ ከአሮጊቷ ጋር ምን እንዳኖረው ባሰብኩት ቁጥር እናደዳለሁ።

ሥራው የዩኒቨርሲቲ ጥበቃ ነው። በር ይፈትሻል፣ የሰከረ ተማሪ ያረጋጋል፣ አምሽታ የምታጠና ልጅ ፈርታ ስትደውል እስከ ትራም ፌርማታ ያደርሳታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የፈረቃ አለቃ አደረጉት። እሰይ ብለን ሳንጨርስ ደንቡን ነገሩት፤ አለቃ ኦን ኮል፣ ማለት ሌሊትም ተጠሪ፣ ስለሚሆን፣ ሲጠራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግቢው የሚደርስበት ሰፈር መኖር አለበት። ከክሬጊበርን ደግሞ ፍሪዌዩ ከተጨናነቀ አንድ ሰዓትም አይበቃም። ያን ደንብ ያወጣው ሰውዬ መቼም ቤቱ ግቢው አጠገብ ነው!

«ለስድስት ወር ነው፣ እትዬ የሺ» አለኝ ሻንጣውን ሲያስገባ። «በአለቃ ደሞዙ የቤቱ የሞርጌጅ ዕዳ ትንሽ ቀለል ይበልልን እንጂ እመለሳለሁ።»

ስድስት ወሩ ሦስት ዓመት ሆነ። አመሻሽ ላይ ለልጁ ለሊና በቪዲዮ ይደውላል። እሷ የወለቀ ጥርሷን አሳይታው ስልኩን እዚያው ጥላ ወደ ጨዋታዋ ትሮጣለች፤ እሱ ስልኩን አይዘጋም። ጠረጴዛው ላይ አስደግፎት የገዛ ቤቱን ኮርኒስ እያየ ይቀመጣል። የቧንቧው ውኃ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሚስቱ የእስከዳር ቁጣ ይሰማል።

«ዝጋው እንጂ፣ ልጅቷ እኮ ሄዳለች» እለዋለሁ።

«ይተዉት እትዬ፣ የቤቱን ድምፅ ልስማ።»

አንጀቴን ይበላኝ ነበር። እኔም ቤቴ ሰው ስላገኘ ደስ ብሎኝ ሂድ ሳልለው ከረምኩ።

እሑድ እሑድ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሲመሽ ኦን ኮል ስለሚጀምር ይመለሳል። ሊና ሰባት ዓመት የሞላት ዕለት እኔንም ይዞኝ ሄደ። እስከዳር ልጇን ሥርዓት አስተምራታለች፤ እነሱ ሲንኩ ላይ ይታጠባሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ግን ሊና ማስታጠቢያውን ይዛ ትቀርባለች። መጀመሪያ እኔን አስታጠበችኝ። ቀጥሎ፣ ፎጣውን ክንዷ ላይ እንዳደረገች፣ አባቷ ፊት ሄዳ ቆመች።

«እኔማ ሲንኩ ላይ እታጠባለሁ፣ ሊንዬ» አላት እየሳቀ።

«ኖ ዳዲ፣ ጌስት እዚህ ነው የሚታጠበው።»

ሁላችንም ሳቅን። እሱም እጁን ዘረጋና ታጠበ። ከዚያ በኋላ ግን ያ ሁሉ ምግብ ቀርቦ ሁለቴም አልጎረሰ።

ሲመሽ ተሰናብተን ወጣን። መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ቆይቶ ስልኩን አወጣና ለኃላፊው ደወለ። ለዛሬ ማታ ሌላ ሰው ፈልጉ፣ ሹመቱንም ውሰዱት፣ ወደ ተራ ጥበቃው መልሱኝ አለ። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም።

«ሞርጌጁስ?» አልኩት።

«አላውቅም፣ እትዬ።»

ከመኪናው ሲወርድ ተከትዬው ወረድኩ። የገዛ በሩን አንኳኳ። እስከዳር ከፈተች።

«ምነው፣ ምን ረሳህ?»

«ምንም። እዚሁ ነው የማድረው። ነገም፣ ከነገ ወዲያም።»

ሊና ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ብቅ ብላ አየችውና፣ በእንግሊዝኛ፣ ታዲያ የት ሊተኛ ነው ብላ ጠየቀች።

«ቤቱ አይደል እንዴ! የፈለገበት ይተኛላ!» አለች እስከዳር፤ ልትቆጣት ጀምራ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት።