ከጽዱ ወዲያ

ሲምቦ ስምንተኛ ክፍል የደረሰችው አባቷን በልመና አስቸግራ ነው። አባቷ ዳቢሴ በባሌ የሲናና ገበሬ ናቸው። በ1955 ዓ.ም. መስከረም ጎባ ከተማ ትምህርት ቤቱ ድረስ ይዘዋት መጥተው ቁርጡን ነገሯት።

«እንግሊዝኛውን ካለፍሽ ትቀጥያለሽ። ከወደቅሽ ግን የጉርሜሳን ልጅ ታገቢያለሽ።»

የእንግሊዝኛው መምህር ገብረወልድ መስተዋድድን የሚያስተምሩት በእግር ነበር። ተማሪው ሳጥን ላይ ሲወጣ ክፍሉ «ኦን» ይላል፤ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ «አንደር» ይላል። ለ«ቢዮንድ» ግን ክፍሉ ስላልበቃቸው ተማሪዎቹን ግቢው ዳር ወዳለው የጽድ ዛፍ አወጧቸው።

«አሮጌ ቃል ነው» አሉ። «‹ቢ› አጠገብ፣ ‹ዮንድ› እዚያ ማዶ ማለት ነበር። የጥንቶቹ እንግሊዞች ከአጥርና ከወንዝ ወዲያ ላለው ነገር ይሉት ነበር። ኋላ ለማይደረስበት ሁሉ አዋሉት። ሐኪም የማያድነውን በሽተኛ ‹ቢዮንድ ሄልፕ› ይሉታል።»

«እንግዲያው የእኔ ሒሳብ ቢዮንድ ሄልፕ ናት ጋሼ!» አለች ቀልደኛዋ ጣይቱ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

የእንግሊዝኛውን የቃል ፈተና የሚሰጡት ኢንስፔክተር ከአዲስ አበባ የመጡ ዕለት ጉሙ ከተራራው ወርዶ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ሲምቦ ተራዋ ደርሶ ከጽዱ ወዲያ እንድትሄድና የት እንዳለች ስትጠየቅ እዚያው ቆማ እንድትመልስ ታዘዘች። ሠላሳ እርምጃ ሄዳ ዞር ስትል ዛፉ የለም።

«ሲምቦ!»

ጥሪው የመጣው ከክፍል ጓደኞቿ በኩል አልነበረም፤ ከጀርባዋ፣ ከተራራው ነው። ድምፁ የእናቷ ነበር። እናቷን ከቀበሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

ጉም ውስጥ ስምሽ ከተጠራ ሦስቴ ሳይሞላ አቤት እንዳትይ ያለቻት ይህችው እናቷ ናት። ሲምቦ አፏን ዘጋች።

«ሲምቦ!» አሉ ኢንስፔክተሩ ከወዲህ።

አንድ ከዚያ፣ አንድ ከዚህ። እንዴት ይቆጠራል?

«ሲምቦ፣ ኮቱ፤ ነይ እንጂ» አለ የጀርባዋ ድምፅ ቀረብ ብሎ። ሣሩ ሲረገጥ ሰማች።

«ይቺ ልጅ ዲዳ ናት እንዴ? ዜሮ ልስጣት?» አሉ ኢንስፔክተሩ።

«ጥቂት ይታገሷት ጌታዬ፣ ታውቀዋለች» አሉ መምህሩ።

ወደ ጽዱ ብትሮጥ ከድምፁ ታመልጣለች፤ ፈተናውን ግን ትወድቃለች። ባለችበት ቆመች። እናቴ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አታውቅም፣ በእንግሊዝኛ ለጠየቀኝ ብቻ እመልሳለሁ አለች በልቧ።

«ዌር አር ዩ?» ብለው ጮኹ ኢንስፔክተሩ።

«አይ አም ቢዮንድ ዘ ትሪ!»

ዓይኗን ጨፍና ነበር የመለሰችው። ማጅራቷን ቀዝቃዛ ትንፋሽ ነካት። ከዚያ ወደ ጽዱ ሮጠች።

ኢንስፔክተሩን ሲጽፉ አገኘቻቸው።

«ጥሩ ነው፣ ሁለቱም አልፈዋል» አሉ።

«የትኞቹ ሁለት ጌታዬ?» አሉ መምህሩ።

«አብረው የመለሱት ናቸዋ! የሁለተኛዋን ስም ንገሩኝ፤ እንዲያውም እሷ ትበልጣለች፣ አጥርታ ነው ያለችው።»

መምህር ገብረወልድ ጉሙን አዩት። «የላክኋት አንዲት ልጅ ናት» አሉ ቀስ ብለው። ጣይቱ እንኳ አልሳቀችም።

ዳቢሴ ቃላቸውን አላጠፉም። ወደ ጉርሜሳ ቤት ሽማግሌ ልከው የጋብቻውን ነገር ሰረዙት።

«ጎሽ ልጄ! ማን አስጠናሽ?» አሏት።

ሲምቦ የአባቷን ፊት አየች። ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም።

«መምህሩ ናቸው አባ» አለች የጉሙን ድምፅ ሳታነሣ፤ ለዘጠነኛ ክፍል ደብተር እንዲገዙላትም ጠየቀቻቸው።