አልነቀልም ያለችው እንሰት

ልጅ ሳለሁ የሰማኋቸው ተረቶች መጨረሻቸው ሁሉ ቢላዋ ነበር። የጎረቤት ልጆች ጦጣ ጅብን ስታሞኝ እየሰሙ፣ እየሳቁ ይተኛሉ። እኔን ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ዘይነባ ግን ለሳቅ ጊዜ አልነበራትም። እናቴ እኔን ስትወልድ ሞታለች፤ አባቴ አዲስ አበባ ሱቅ ከፍቶ ሌላ ሚስት አግብቷል። ከቡታጅራ በላይ ባለው ብርዳም መንደራችን እኔና አክስቴ፣ ሁለት ላምና ጓሮ ሙሉ እንሰት ብቻ ነበርን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ላሞቹ ከኛው ጋር ወደ ቤት ገብተው በጋጣቸው ይታሰራሉ፤ ያኔ የምድጃው ጭስ መውጫ አጥቶ ከሣር ክዳኑ ሥር ይጠራቀማል፣ ኩራዙ ከምሰሶው ላይ ይንቀለቀላል፣ እኔም በአክስቴ ጉልበቶች መካከል እቀመጥና ጸጉሬን ትሠራኛለች። እየሠራችኝ ነበር የምትተርትልኝ። ተረቱ ሲከር ሹሩባውም ይከራል፤ «አመመኝ» ካልኩ በማበጠሪያው አናቴን ትለኛለች። እንዲያም ሆኖ ያቺን ሰዓት ቀኑን ሙሉ እጠብቃት ነበር፤ ምክንያቱም ከዚያ ውጪ የሚነካኝ እጅ አልነበረም።

ከሁሉም የምትወደው የእንሰቷን ተረት ነበር። እንሰት ከዘር አይበቅልም፤ የእናቲቱ ልብ ተፈልፍሎ ይወጣና ሥሯ አፈር ይለብሳል፤ ዝናብ ሲመጣ በዙሪያዋ ብዙ ችግኝ ይፈላል። ችግኟ ከዚያ ተነቅላ፣ ቅጠሏና ሥሯ ተከርክሞ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ትተከላለች። ስታድግ እንደገና ትነቀላለች፣ እንደገና ትከረከማለች። ይህን በአገራችን ሕፃን ያውቀዋል። በአክስቴ ተረት ግን አንዲት ችግኝ «እኔስ አልነቀልም፣ ከእናቴ ጎን እሞቃለሁ» አለች። ባለቤቲቱም «እንዳሻሽ» ብላ ተወቻት። እህቶቿ ተነቅለው እየተላጩ ሲያለቅሱ እሷ ትስቅ ነበር። ከሁሉም ቀድማ አበባ አወጣች፣ ኮራች። ባለቤቲቱ ቢላዋዋን ይዛ መጥታ ብትቆርጣት ሥሯ ጭብጥ አይሞላም።

«ከዚያስ?» እላለሁ፣ መልሱን እያወቅሁ።

«ለላም ሰጠቻት፤ ላሚቱም አልወደደቻትም።»

አንድ ምሽት «እናቷስ ምን ሆነች?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እናቷማ በሰበሰች። ልቧ ካልተፈለፈለ ልጅ አትሰጥም። ያንቺም እናት እንደዚያው ናት።»

ይህን ያለችው በንዴት አልነበረም፤ ስለ ዝናብ እንደሚወራ ነበር የተናገረችው። እኔ ግን ያን ሌሊት አላለቀስኩም፤ እንባዬ ራሱ የፈራት ይመስለኛል።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የአክስቴ ታናሽ ወንድም፣ ቡታጅራ ከተማ ሱቅ የነበረው አጎቴ ከማል፣ ተማሪ ቤት ላስገባት ብሎ ሊወስደኝ መጣ። የጠራችው ራሷ አክስቴ ነበረች። ከሄድኩ ዳግመኛ በጉልበቶቿ መካከል እንደማልቀመጥ ገባኝ፤ ምሰሶውን አቅፌ ጮህኩ። አጎቴ ወደ አክስቴ ዞረ።

«ዘይነባ፣ ልጅቷ ገና ናት፤ ወላሂ ትቆይ። ለዓመት እመጣለሁ» አላት።

አክስቴ የእንሰት ቅጠል የምትቆርጥበትን ቢላዋ ከግድግዳው አወረደች፣ እጄን ከምሰሶው ላይ አላቀቀች፣ በጉልበቶቿ መካከልም እንደ ወትሮው አስቀመጠችኝ። የምትሠራኝ መስሎኝ ዝም አልኩ። ትናንት ማታ የሠራችውን ሹሩባ አንድ በአንድ ከሥሩ እየቆረጠች ምድጃው ውስጥ ወረወረችው። የሚነደው ጸጉሬ ሲሸት ላሞቹ ተቁነጠነጡ።

«ቅጠሏ ያልተቆረጠ ችግኝ አዲስ መሬት አይይዛትም» አለችው ለአጎቴ። «አሁን ውሰዳት። ዓመት ሳይሞላም እዚህ እንዳትመልሳት።»

ቡታጅራ ሻሽ አስሬ ገባሁ፤ በሁለተኛው ቀን ልጆቹ ሻሹን ገፈው «መላጣ!» እያሉ ከጫት ተራ እስከ ተማሪ ቤቱ በር ሸኙኝ። ጸጉር የሌላት፣ አማርኛ የማትችል፣ ጭስ ጭስ የምትል ልጅ ነበርኩ። ማንም ስላልቀረበኝ ከፊደል ጋር ተወዳጀሁ። የሚስቁብኝን እስክበልጥ ድረስ አነበብኩ፤ በቋንቋቸው እመልስላቸው ጀመር፤ ከክፍል አንደኛ ወጣሁ፤ ጸጉሬም አደገ። ዓመቱ ሲሞላ ለአረፋ ወደ መንደር ስመለስ አክስቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ይዟታል» አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም። ልክ ነበረች። ልክ መሆኗን ሳውቅ ይበልጥ ጠላኋት።

ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው እኔ ወልቂጤ አስተማሪ ነበርኩ፤ ደሞዝተኛ፣ ባለ ቆርቆሮ ቤት። አክስቴ ብቻዋን ሆና እንደምታስል፣ ቤቷም እንደሚያፈስ ሰማሁና ልወስዳት ሄድኩ። እንሰቶቿ መሐል ተቀምጣ አገኘኋት፤ እንሰቶቹ ሰው አክለው ከሰው አልፈዋል፣ እሷ አንሳለች። «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ የመጣሁበትን ስነግራት ሳቀች።

«ወልቂጤ ምን አለኝ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!»

ያኔ ተረቷን መልሼ ነገርኳት፤ አልነቀልም ስላለችው፣ ቀድማ ስላበበችው፣ ላም ስላልወደደቻት። አንድ ቃል አልሳትኩም። ድምፄ ውስጥ የራሷ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ደህና አድርገሽ ይዘሽዋል» አለች። «ግን እስቲ ልጠይቅሽ፣ የደረሰች እንሰት ተነቅላ ስትተከል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አይቼ አላውቅም። ማንም አይቶ አያውቅም። የደረሰች እንሰት የምትነቀለው ልትፋቅ፣ ቆጮ ልትሆን ብቻ ነው። ይህን እያወቅሁ «ሰበብ ነው፣ አክስቴ» አልኳት። ጭስ የጠገበ ልብሷን እዚያው ትቼ አዲስ ቀሚስ አለበስኳት፤ ላሞቿንና ጓሮዋን እያየች ለጎረቤት ሰጠሁ። አልጮኸችም፣ ምሰሶም አላቀፈችም።

ወልቂጤ በረንዳዬ ላይ እየተቀመጠች መንገደኛውን በመንደራችን ቋንቋ፣ በመስቃንኛ፣ ሰላም ትላለች፤ የሚመልስላት ጥቂት ነው። ሲመሽ «ላሞቹ ገቡ?» ትለኛለች። «ላም የለንም እኮ» እላታለሁ፤ በማግስቱም ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን ተረት ንገሪኝ ብዬ ለመንኳት፤ በዕድሜዬ የለመንኳት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ተረት ጭስ ይፈልጋል» አለችኝ። «ይሄ ቤት ጭስ የለውም።»

ከዚያ ጸጉርሽን ልሥራልሽ አልኳት፤ እሺ ብላ መሬት ላይ፣ በጉልበቶቼ መካከል ተቀመጠች። ጭንቅላቷ የልጅ ያህል ነበር። ትንሽ እንደሠራኋት ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ።

«ያን ቀን ቢላዋው ደንዞ ነበር። አመመሽ?»

አላመመኝም ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ናት፤ ለሌላ ሰው ቢሆን ውሸትም አትባልም።

«አዎ፣ አሞኛል» አልኳትና ሹሩባውን አከረርኩት።

ክረምቱ ሳይገባ ሞተች። ስሟን እንኳ የማያውቁ ሰዎች ተሸክመው ወልቂጤ ቀበሯት፤ ከእንሰቶቿም አንዲት ቅጠል በላይዋ አላረፈችም።

አሁን ሳስበው፣ እኔን የሠራኝ ያ ቢላዋ ነው፤ ባትቆርጠኝ ኖሮ ያን ምሰሶ እንዳቀፍኩ አረጅ ነበር። ለተማሪዎቼም ተነቀሉ፣ አትፍሩ እያልኩ ሠላሳ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ የተረቱን ሌላኛውን ወገን ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አክስቴ እኔን ስትነቅለኝ ልትተክለኝ ነበር። እኔ እሷን ስነቅላት፣ ለፍቅሯ ብዬ ነው እያልኩ ለጠየቀኝ ሁሉ ተናግሬአለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ሆኖም ልወስዳት ወደ መንደሩ የወጣሁት ብቻዬን አልነበረም፤ ያቺ ሹሩባዋ ምድጃ ውስጥ የነደደባት መላጣ ልጅም አብራኝ ነበረች።