የዶክተር ልሳኑ ሰሌዳ

ስቶክሆልም ውስጥ ዶክተር ልሳኑን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ ዶክተር መሆኑን ሳይናገር ሰው ጨብጦ አያውቅማ። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤያችንን ለሁለት የከፈለው እሱ ነው። ምክንያቱም፣ ለመናገር ያሳፍራል፣ የመዝሙሩ ኪቦርድ ከመድረኩ በቀኝ ይቁም በግራ የሚል ነበር። የተለያዩት ወገኖች ግን ሌላ አዳራሽ ስላላገኙ፣ ዮርድብሩ መንገድ ዳር ያለችውን የድሮ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት እሁድ እሁድ በፈረቃ ይከራያሉ። እኛ ስንወጣ የሌላው ወገን መሪ ደጀኔና ሰዎቹ ይገባሉ።

ደጀኔ የልሳኑ ሚዜ ነበር። አሁን ግን ልሳኑ ገና ከሩቅ ሲያየው፣ ሰላም እንዳይለው ፊቱን አዙሮ ደጅ የቆመውን፣ በስዊድንኛ የተጻፈውን የጸሎት ቤቷን የታሪክ ሰሌዳ ያነባል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ መነጽሩን እያስተካከለ፣ ደጀኔ እስኪያልፍ ድረስ። ይኸው ዓመታት ሙሉ አነበበው።

ባለፈው እሁድ ከአዲስ አበባ የመጣች እንግዳ፣ «ዶክተር፣ ሰሌዳው ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችው።

«እ… የቆየ ታሪክ ነው» አለ። ያ ሁሉ ንባብ!

እኔው ተረጎምኩላት፦ «የመጀመሪያዎቹ ሜቶዲስቶች መሰብሰቢያ ሲያጡ፣ የሌላ ጉባኤ አባል የሆነ ጎረቤታቸው እዚህ የነበረውን ቤቱን ከፈተላቸው።»

«የተባረኩ ሰዎች ነበሩ» አለ ልሳኑ በረጅሙ ተንፍሶ። ወዲያው ደጀኔ ሲመጣ አየና ወደ ሰሌዳው ዞረ።