ሳላ ያልነበረበት ሜዳ

የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራው ሠራተኞች «አቧራው» ይሉታል። ስሙን የሚያውቁ ነበሩ፤ በስሙ የሚጠራው ግን አልነበረም። ሥራው ጎብኚዎችን ጣሪያ በሌለው መኪና አሳፍሮ በረሃውን ማሳየት ነው። የሚመጡት ሰዎች ጠዋት ደርሰው ፀሐይዋ ሳትከር የሚመለሱ ናቸው። እሱም ጊዜያቸውን አያባክንም። በመጀመሪያ በደረቀው ወንዝ ዳር ወዳሉት ግራሮች፣ ቀጥሎ ሰጎኖች ወደሚውሉበት ጠፍ መሬት፣ በመጨረሻም ሳላዎች ወደሚሰማሩበት ሜዳ ይወስዳቸዋል። መንገዱን ከመልመዱ የተነሣ እያወራ፣ እያሳቀ ነበር የሚነዳው።

አግብቶ ነበር፤ ሚስቱ በረሃውን አልቻለችውምና ያለ ጠብ ተለያዩ። ልጅ አልወለዱም። የቀረችው ዘመዱ ከተማ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ታናሽ እህቱ ናት። አልፎ አልፎ ትመጣለች፤ የሸሚዞቹን ቁልፍ ትተክላለች፣ ጎረቤቶቿን ታማለች፣ አድራ ትሄዳለች።

አንድ ጊዜ ስትመጣ መኪናው ላይ ባዶ ወንበር ተገኘ።

«ዛሬስ እንደ ሰው ላስጎብኝሽ» አለና ከጎኑ አስቀመጣት። ከኋላ አንድ አስተማሪ ከነባለቤቱና ሁለት አዛውንቶች ተሳፍረዋል።

ግራሮቹ ጋ ቆሞ ሥራቸው ምን ያህል ጠልቆ ውኃ እንደሚፈልግ አስረዳ። ሰጎኖቹን ቀድሞ ያየው አስተማሪው ነበር። ሜዳው ጋ ሲደርሱ መኪናውን አቆመና በእጁ አመለከተ።

«ሳላዎቹ ያውላችሁ። ቀንዳቸውን እዩት፣ እንደ ጦር ነው። ድምፅ አታሰሙ፣ ይደነብራሉ።»

ሁሉም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው አዩ። እህቱም አየች። ሜዳው ላይ ቁጥቋጦና ቀጥ ብለው የደረቁ ሁለት ግንዶች እንጂ እንስሳ የሚባል አልነበረም።

«የት ጋ?» አለች የአስተማሪው ባለቤት።

እህቱ ሳታስበው ዞር ብላ «ገቡ፤ አሁን ከጉብታው ጀርባ ገቡ» አለቻት።

እሱ ሞተሩን አስነሣ። በመልሱ መንገድ እህቱ ወሬ አስመስላ ትመራው ጀመር። «በግራ ድንጋይ አለ። ኤሊ እያቋረጠች ነው፣ ቀስ በል።» ቀስ አለ። ኤሊዋ እስክታልፍ ቆሙ። ጎብኚዎቹ ፎቶ አነሡ፤ ደስ ብሏቸውም ወረዱ።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ እሱ አልጋው ላይ፣ እሷ ብቸኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መርፌና ክር አውጥታ ሰጠችው።

«እስቲ ክሩን አስገባልኝ።»

ክሩን በምራቁ አርጥቦ ሞከረ። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ መርፌውን መልሶ መዳፏ ላይ አኖረው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ወንድምዓለም?»

«ቆየ። መጀመሪያ ጭጋግ መሰለኝ። እዚህ ደግሞ ጭጋግ የለም።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማን ልናገር? መንገዱን እንደሆነ አውቀዋለሁ።»

«ኤሊዋንስ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እነዚያ አዛውንቶች አንተን አምነው ነው የተሳፈሩት» አለችው።

«አጣሁት ብለሽ ነው?» አለ። «እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው።»

በማግስቱ አልሄደችም። ደንበኞቿን በስልክ ይቅርታ ጠይቃ አብራው የጥብቅ ሥፍራው ኃላፊ ቢሮ ገባች። የተናገረው ግን እሱ ራሱ ነው። ኃላፊው ተቆጣ።

«ሰው ብትገድልስ ኖሮ?»

«እውነትዎን ነው» አለ አቧራው፤ የመኪናውንም ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

እህቱ ከተማ ወስዳ አሳከመችው። የቀኝ ዓይኑ ሞራ ተገፈፈለት። በግራው ላይ ሌላ በሽታ ተደርቦ ስለነበር ሐኪሞቹ ሊያድኑት አልቻሉም። እህቱ ቤት የስፌት መኪናዋን ድምፅ እያዳመጠ ከረመ። እህቱ የምታማቸውን ጎረቤቶች አንድ በአንድ ተዋወቃቸው፤ ያን ያህል ክፉ ሆነው አላገኛቸውም። ቢሆንም ቤቱ ጠበበው፤ ተመልሶ ሄደ።

ኃላፊው መሪ አላስጨበጠውም። መግቢያው በር አጠገብ ያለውን የችግኝ ቦታ ሰጠው። መኪናውን የምትነዳው አሁን አንዲት ወጣት ናት። በመጀመሪያ ሰላምታዋን እንኳ በቅጡ አይመልስላትም ነበር፤ ቀስ በቀስ ተላመዱ። እሱ የግራርና የእሬት ችግኝ ያፈላል፤ ወንዙ ዳር የደረቁትን ይተካል። ጥንቸሎች ከአጥሩ ሥር እየማሱ ገብተው ለጋ ለጋውን ይበሉበታል። ድንጋይ ይደረድራል፣ እነሱም በሌላ በኩል ይምሳሉ። ጎብኚዎች ሲያልፉ ቀና ብሎ እጁን ያነሣላቸዋል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን ይደፍናል።