ከትልቁ ስፒከር ጀርባ

የወንድሜ ባንድ የተጀመረው ሞያሌ ውስጥ፣ ከአባቴ ሆቴል ጓሮ ባለች የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ጊታር ይጫወታል፣ አንዱ ድራም ይመታል፣ ወንድሜ ይዘፍናል። እኔ ከቆርቆሮው ወዲህ የሆቴሉን አንሶላ እያጠብኩ የሮክ ሙዚቃቸውን እሰማ ነበር። ዘፈኖቹን ሁሉ፣ ወንድሜ ትንፋሽ የሚወስድባትን ቦታ ሳይቀር፣ በቃሌ ያዝኩ። ጮክ ብዬ ግን ዘፍኜ አላውቅም። ለሴት ልጅ ድምፄ ወፍራም ነው። ትምህርት ቤት እያለሁ ልጆቹ እንደ ሽማግሌ በስዋሂሊ «ሺካሞ፣ ሙዜ!» እያሉ ሰላም ይሉኝ ነበር። ስምንተኛን ስጨርስ ዝምታዬን ይዤ ቤት ቀረሁ።

መጀመሪያ ሰርግ ላይ ተጫወቱ። ቀጥሎ ናይሮቢ ሄደው ዘፈን ቀረጹ፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ ይዘውት ዞሩ። ስማቸው በገነነበት ዓመት ከሶሎሎ ሲመለሱ መኪናቸው ተገለበጠ። የሞተው ወንድሜ ብቻ ነው።

ባንዱ ግን አልፈረሰም። የወንድሜን ድምፅ ከቀረጻው ነጥለው ፍላሽ ላይ ጫኑት። ማይኩን ባዶውን ፊት ለፊት ያቆሙታል፤ ሁለቱ ይጫወታሉ፣ ሟቹ ይዘፍናል። ሰው መጀመሪያ ፈራ፣ ኋላ ለመደ። እናቴ ብቻ አንድም ቀን መጥታ አልሰማችም። እኔ ገመድ ልጠቀልል አብሬያቸው እሄድ ነበር።

ቦሪ የሚባል መንደር በነበረ ሰርግ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። የጊታሩ ድምፅ ጠፋ። ድራሙ ቀጠለ፤ ዘፈኑም ቀጠለ። የሚጨፍሩት ባሉበት ቆሙ። አንዲት አሮጊት ባዶውን ማይክ እያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የምዘፍነው እኔ መሆኔን ያወቅኩት ጊታር ተጫዋቹ ወደ ስፒከሩ ጀርባ ዞሮ ሲያፈጥብኝ ነው።

ዕቃ ስንጭን «አንቺ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ፍላሹ መቆራረጥ ጀምሯል። አንቺ ካልዘፈንሽልን በቃ፣ ጊታሬን ሸጬ ፍየል እገዛለሁ።»

«ፍየሏ ትሻላለች» አለ ድራም መቺው፤ «ቢያንስ ትታለባለች።»

«ፊት አልቆምም» አልኩ። «ከጀርባ ከሆነ እሺ።»

ሌላ ማይክ ሰጡኝ፤ ለማንም አልተናገርንም። ሰው ፍላሹ ነው ይላል። አንዳንድ ቀን ስዘፍን፣ እኔ ሳልፈልግ፣ ወንድሜ ይወስድባት በነበረችው ቦታ ትንፋሽ ይወሰድልኛል።

የአክስቴ ልጅ ሰርግ በሆቴላችን ግቢ ሆነና እናቴ መሸሻ አጣች። ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ ባዶው ማይክ ቀረበች።

«ልጄ፣ በልተሃል?»

ጊታር ተጫዋቹ «ውጪ» በሚል በዓይኑ ጠቀሰኝ። ብወጣ ልጇን ለሁለተኛ ጊዜ ልትቀብር ነው። ዝም ብል ደግሞ ልጇ ዝም አላት። ማይኬን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«በልቻለሁ፣ እማዬ።»

ራሷን ነቀነቀችና ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

ራት ላይ ሁለት ሳህን ሞልታ፣ ሁለቱንም እኔ ፊት አስቀመጠች።