የአባቴን ስም ለልጄ

ባለፈው ቅዳሜ ቡራዩ ካለው ቤቴ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስኩ ሳለ፣ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችው ቤቴል ልጇን አዝላ መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ጠዋት ጠዋት ታክሲ እንዳያመልጣት ወደ አዲስ አበባ የምትሮጥ ልጅ ናት፤ ሰላምታዋ እንኳ ከበር ውጭ ነው የሚሰማኝ። ያን ቀን ግን መቸኮል አልታየባትም።

«እትዬ ጫልቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቀየሙኝ» አለች። «የልጅን የአባት ስም በፍርድ ቤት ማስቀየር ይቻላል? እርስዎ አስቀይረዋል ሲሉ ሰማሁ።»

ማን እንደነገራት አልጠየቅኳትም። የልጁ አባት ገና እርጉዝ ሳለች ጥሏት እንደሄደ አውቃለሁ። ጎመኑን ወደ ጎን አድርጌ፣ ለብዙ ዘመን ለማንም ያላወራሁትን አወራኋት።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሰበታ ውስጥ፣ ጅማ መንገድ ዳር ባለች ምግብ ቤት ወጥ እሠራ ነበር። ሹፌሮቹ ገና ሳይነጋ ቅቅል ፍለጋ ይመጣሉ፤ የመረቁ እንፋሎትና የናፍጣው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የልጄ አባት ሰለሞንም የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሳገኘው ተማሪ ነበርኩ። አባቴ፣ የተፍኪው ገበሬ ኦቦ ደበሌ፣ «ከወደደሽ ሽማግሌ ይላክ» አለ። ሰለሞን ዛሬ ነገ ሲል ሽማግሌ ሳይልክ ቀረ፤ እኔም ትምህርቴን ትቼ ተከተልኩት። አባቴ በሰው በኩል፣ «ሳትነግረኝ ከወጣሽ ሳልጠራሽ እንዳትመለሺ» ብሎ ላከብኝ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ብቻውን ነው ያሳደገኝ። ፀጉሬን ሳይቀር እሱ ነበር የሚሠራኝ፤ ሹሩባው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የተንጋደደ ነበር።

ልጃችን ሕይወት መዳህ ስትጀምር ሰለሞን ለጭነት እንደወጣ ቀረ። ቆይቶ አዲስ አበባ ትዳር መያዙን ሰማሁ። የሰፈር ሽማግሌዎች ሄደው ቢያነጋግሩት፣ «የእኔ ለመሆኗ ምን ማረጋገጫ አለ?» ብሏቸዋል። ይህን ቃል የነገሩኝ ቀን ወጡ አርሮብኝ ነበር፤ የምግብ ቤቷ ባለቤት ግን አልተቆጣችኝም።

ስሙ ግን ልጄ ላይ ቀረ። ሕይወት መዋዕለ ሕፃናት የገባች ሰሞን ልወስዳት ስሄድ መምህሯ እየሳቀች፣ «ዛሬ ስም ስጠራ አልመልስ አለችኝ እኮ» አለችኝ። «ሕይወት ሰለሞን ስላት፣ ‹እኔ ሕይወት ነኝ፤ ሰለሞን የሚባል ሰው አላውቅም› አለችኝ።» መምህሯ ክፋት አልነበራትም። እኔ ግን እስከ ቤት ድረስ የልጄን እጅ አጥብቄ ይዤ ሄድኩ።

በሳምንቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ በታይፕ ከሚጽፉት ሰዎች ለአንዱ ነግሬው አቤቱታ አስገባሁ። ዳኛው ወጣት ነበር፤ በኦሮምኛ ነው የጠየቀኝ።

«የሰለሞንን ስም አንስተን የማንን እንተካላት?»

«የአባቴን።»

«አባትሽ በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ቀርቦ መፍቀዱን ይናገር። የልጅቷም አባት መጥሪያ ይድረሰውና ተቃውሞ ካለው ይምጣ።»

ከችሎቱ ስወጣ የሰለሞን መምጣት አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ተፍኪ ነበር። ከሰበታ ተፍኪ በሚኒባስ ስንት ነው? ገበያተኛ ጠዋት ሄዶ ለምሳ ይመለሳል። እኔ ግን ሕይወት ከተወለደች ጀምሮ ያንን መንገድ ረግጬው አላውቅም። የተፍኪ ሰዎች ምግብ ቤቱ ሲገቡ እንኳ ከኩሽና አልወጣም ነበር።

በታኅሣሥ ወር አንድ ቀን ሕይወትን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በክረምት ባሕር የሚመስለው ሜዳ ደርቆ፣ ሽምብራው አረንጓዴ ለብሶ፣ ልጆች እሸቱን በእስር በእስር አድርገው መንገድ ዳር ይሸጣሉ። ሕይወት በመስኮቱ እያየች ያየችውን ሁሉ ትጠይቀኛለች፤ እኔ መልሴ ሁሉ «እሺ» ነበር። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ፤ ተፍኪን አልፈን ሄደን ከመንደሩ ማዶ ወርደን በእግር ተመለስን።

አባቴ ማሳው ውስጥ ነበር። አየኝ፤ ቀና አለ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገ። አርጅቷል። እኔን ሰላም ከማለቱ በፊት ልጅቷ ፊት በርከክ አለና እንደማንኛውም ሽማግሌ ጠየቃት።

«መቃን ኬ ኤኙ? ስምሽ ማነው?»

«ሕይወት።»

«ሕይወት ማን?»

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ሰበታ ሆኜ ለዚህች ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ይቅርታው፣ ልመናው፣ ሁሉም በቅደም ተከተል። ሁሉንም ተውኩት።

«እሱን ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፣ አባባ» አልኩ።

የፍርድ ቤቱን ጉዳይ ነገርኩት። ከዚያ አንድ እቅፍ ሽምብራ ከነሥሩ ነቀለና እሸቱን እየፈለፈለ ለሕይወት በእጇ ያቀብላት ጀመር። ሥሩ ላይ የቀረው አፈር ገና እርጥብ ነበር። እሷ ስትበላ እያየ፣ «የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚሄደው?» አለኝ።

እያባረረኝ መሰለኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

«አልጠየቅኩም፣ አባባ።»

«ተይው በቃ። እዚህ እደሩ። ቀጠሮው ሲደርስ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

በቀጠሮው ቀን አባቴ ነጠላውን አጣጥፎ፣ ለበዓል የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ ሰበታ መጣ። ሰለሞንም መጣ። ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከስቷል፤ የቆዳ ጃኬቱ ሰፍቶታል። ሕይወት ከአጠገቤ ተቀምጣ ከእኔ ቀሚስ ክር ትመዛለች፤ እሱ ወደ እሷ ላለማየት ግድግዳውን ያያል።

ዳኛው፣ «በስሙ መቀየር ተቃውሞ አለህ?» ብሎ ጠየቀው።

«የለኝም።»

ይኸው ነው። መጥሪያው ከወጣ ጀምሮ እንዳይቃወም ስጸልይ ነበር። ግን ስሰማው ሕይወትን ወደ እኔ ሳብ አደረግኳት። አንድ ሰው ልጁን እንዲህ ባጭሩ ይሰጣል ብዬ ውስጤ አላመነም ኖሯል። አባቴ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። ተራው ሲደርስ ተነስቶ ቆመ።

«ስሜን ሰጥቻታለሁ» አለ። «ግን አድጋ አባቴን ልይ ያለች እንደሆነ እኔ ቅር አይለኝም። ይሄም ይጻፍልኝ።»

ዳኛው ፈገግ አለ። «እንዲህ ያለው አይጻፍም፣ ኦቦ ደበሌ።»

«እንግዲያው ይሰማ» አለ አባቴ። ይህን ሲል ዳኛውን አልነበረም የሚያየው። ሰለሞን አንገቱን ደፋ።

ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕይወት ደበሌ ሆነች። በወረቀት ላይ እኔና እሷ እህትማማች መሆናችን ነው፤ ትምህርት ቤት ስሄድ «ታላቅ እህቷ ነሽ?» ይሉኝ ነበር፤ እሷም በዚህ ትስቅብኝ ነበር። ክረምት ክረምት ተፍኪ እየሄደች አባቴ እጅ ላይ አደገች። ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስ እኔው ራሴ የሰለሞንን ስልክ አፈላልጌ ሰጠኋት፤ አባቴ በዚያን ጊዜ አርፎ ነበር፤ ቃሉን ግን አልረሳሁትም። ሄዳ ምሳ በላች። ስትመለስ «ደህና ሰው ነው» አለችኝ። «ልጆቹ እኔን ይመስላሉ።» አሁንም በበዓል ይደዋወላሉ። እኔ አልተከፋሁም። ትንሽ ብቻ።

ቤቴል ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ እያጠባች ሰማችኝ። «ለፍርድ ቤቱ ምን ምን ያስፈልጋል?» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ልጇ ላይ አጎነበሰች። እኔም ይህን ሁሉ ዓመት ከሰለሞን ልጁን የነጠቅኩ ይመስለኝ እንደነበር፣ ግን ያን ታኅሣሥ ያደረግኩት አባቴን ስሙን መለመን ብቻ እንደነበር አሰብኩ። አባቴ ፊት ከመቆም ዳኛ ፊት መቆሙ ቀላሉ ነበር።

«አባትሽ የት ነው ያለው?» አልኳት።

«ሱሉልታ።» ልጁን አስተካክላ ያዘችው። «ይሄን ልጅ አይቶት አያውቅም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብሬያት ሄድኩ። ከእንጦጦ ወዲያ ብርዱ ይለያል፤ ሜዳው ላይ ድርቆሽ ተከምሯል፤ ልጁን በጋቢዬ ሸፈንኩት። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ጋ ስንደርስ ቤቴል ቆመች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ። ብዙ ከቆየች በኋላ አንኳኳች።

ከውስጥ የሽማግሌ ድምፅ፣ «ማነው?» አለ።

«ቤቴል ነኝ፣ አባዬ።»

የእግር ኮቴ ሰማን፤ የሚቸኩል ኮቴ ነበር።