በበረቱ በር የቆመው መስቀል

በቴይፊ ወንዝ ዳር ካሉት ገበሬዎች መካከል ሰው በመናቅ ኢስሉዊን ፕሮበርትን የሚስተካከል አልነበረም። ከሁሉ አብልጦ የሚንቀው የጳጳሳቱን ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በእርሱ አባባል፣ ሻማ አብርቶ የሚያንቀላፋ ጉባኤ ነው። እርሱ ጳጳስ የማያውቀው የጸሎት ቤት ሰው ነው። ጸሎት ቤቱ ግን ምእመን አጥቶ ተሸጠና የከተሜዎች የበጋ ማረፊያ ሆነ፤ ሰባኪው ይቆምበት በነበረው ቦታ የማብሰያ ምድጃ ተተከለ።

ከዚያ ወዲህ ኢስሉዊን እሑድ እሑድ የሚጸልየው በበረቱ በር ነበር። አያቱ የበር ምሰሶ አድርጎ ባቆመው ድንጋይ ላይ፣ ከሺህ ዓመት በፊት የተቀረጸ፣ ሐረጉ የተጠላለፈ መስቀል አለ። ላሞቹ ጎናቸውን ያኩበታል፤ እርሱ በፊቱ ቆሞ ይጸልያል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ሄይልወን ብቻ ናት።

በዚያ የብርድ ወራት ውርጩ የመስቀሉን አንድ ክንድ ሰነጠቀው። የጳጳሳቱ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ኤምሪስ ወሬውን ሰምቶ መጣ።

“አቶ ኢስሉዊን፣ ድንጋዩ እኛ ዘንድ ከጣሪያ በታች ቢገባ ይተርፋል። ሌላ ውርጭ አይችልም።”

“እሑድ እሑድ ስንት ሰው አለህ?”

“ሰባት... ቢበዛ ስምንት።”

“እና ድንጋዩን ዘጠነኛ ልታደርገው ነው? እሱስ ቢያንስ አያንኮራፋም!”

ቄሱ ስቆ ሄደ። ሄይልወን ግን አልሳቀችም።

“አንተ ሰውዬ፣ እልህህ መስቀሉን ሊፈረካክሰው ነው።”

“እዚያ ከገባ እኔ የት ልቆም ነው?”

“እግር የለህም?”

ከቀናት በኋላ መዳፍ የሚያህል የመስቀሉ ስባሪ ጭቃው ላይ ወድቆ አገኘ። ድንጋዩን ነቅሎ ተጎታች ላይ ጫነና ትራክተሩን አስነሣ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርስ ቆመ። “ከዚህ ወዲያ የእናንተ ሸክም ነው” አለ። ቄሱና ሁለት ሽማግሌዎች ድንጋዩን በግንድ ላይ እያንከባለሉ ሲያስገቡ፣ የበሩን ደፍ እንዳለፈ ወደ ጎን ያዘነብል ጀመር።

“እናንተ ድስት እንኳ አንሥታችሁ አታውቁም!” ብሎ ኢስሉዊን ጮኸና ዘሎ ገብቶ በትከሻው ደገፈው። አባቱም አያቱም ያልረገጡትን ወለል ረገጠ። ድንጋዩ ከግድግዳው ሥር ከቆመ በኋላ፣ “ወለላችሁ እርጥብ ነው” ብሎ ወጣ።

በሚቀጥለው እሑድ መዝሙር እየተዘመረ በሩ ተከፈተ። ኢስሉዊን ገባ፤ ወንበሮቹን ዞር ብሎም ሳያይ ከድንጋዩ አጠገብ ቆመ። ቄሱ መጽሐፉን ዝቅ አድርጎ፣ “እንኳን ደህና መጡ” አለው።

“ድንጋዬን ላየው ነው የመጣሁት። አንተ ሥራህን ቀጥል፤ መዝሙሩንም ከፍ አድርጉት፣ ሰው የሞተባችሁ ነው የሚመስለው።”